ፎንዱ፦ አንድ ድስት ከበው የሚበሉት የስዊዞች የብርድ ጊዜ እራት

ፎንዱ በነጭ ወይን ጠጅ የቀለጠ ፎርማጆ ነው። ድስቱ ከነትኩሳቱ መጥቶ በጠረጴዛው መሀል በትንሽ ማንደጃ ላይ ይቀመጣል፤ ዙሪያውን ያሉት ሁሉ ዳቦ በረጃጅም ሹካ እየወጉ ከዚያው ያጠቅሳሉ። በየሳህኑ የሚወጣ ሌላ ዋና ምግብ የለም። በስዊዘርላንድ ምግብ ቤቶች ዋጋው በነፍስ ወከፍ ይጻፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 ፍራንክ በላይ ነው፤ ከጎኑም «ቢያንስ ለሁለት ሰው» የሚል ማሳሰቢያ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ብቻውን ገብቶ ፎንዱ የሚያዝ ሰው አስተናጋጁን ግራ ያጋባል፤ ምግቡ የተሰናዳው አብረው ለመጡ ሰዎች ነው።

ወቅቱ ብርዱ ሲጠና ነው፤ ከጥቅምት ገደማ እስከ መጋቢት። በሐምሌ ሙቀት ድስቱን ከብቦ የሚያልበው በአመዛኙ ቱሪስት ነው፤ የአገሩ ሰው እያየው ፈገግ ይላል።

ድስቱና ውስጡ

ድስቱ ካክሎን ይባላል። ከወፍራም ሸክላ ወይም ኢናሜል ከተቀባ ብረት የተሠራ፣ አንድ እጀታ ያለው ሰፊ ድስት ነው። ስስ ድስት ሙቀቱን አንድ ቦታ ሰብስቦ ፎርማጆውን ስለሚያሳርረው ውፍረቱ የግድ ነው። አሠራሩ አጭር ነው። የድስቱ ውስጥ ለሁለት በተከፈለ ነጭ ሽንኩርት ይታሻል። ወይኑ ገብቶ ይሞቃል፤ የተፈቀፈቀው ፎርማጆ እፍኝ በእፍኝ እየተጨመረ በእንጨት ማንኪያ ይማሰላል። በመጨረሻ ትንሽ የበቆሎ ስታርች በኪርሽ ተበጥብጦ ይገባበታል፤ ኪርሽ ከቼሪ ፍሬ የሚወጣ ብርቱ አረቄ ነው። ቁንዶ በርበሬና ገውዝ ይነሰነስበታል፤ አለቀ። ለአንድ ሰው 200 ግራም ያህል ፎርማጆ ይታሰባል፤ «ዳቦና አይብ ምን ይጠግባል» ብሎ ጥብስ አስቀድሞ ለማዘዝ የሚያስብ ሰው ይህን ቁጥር ቢያውቀው ይሻለዋል።

ክርክር የሚነሳው በፎርማጆው ዓይነት ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ካንቶን (የስዊዘርላንድ ክፍለ ግዛት) የራሱን ትክክል ይላል። በፍሪቡር ግማሹ ግሩየር፣ ግማሹ ቫሽራን የሆነው «ሞቲዬ ሞቲዬ» ነግሧል። በኑሻቴል ግሩየርን ከኤመንታል ጋር ያጋባሉ። በቮ ደግሞ ግሩየር ብቻውን ይበቃል ባዮች ናቸው። የቫሌ ሰዎች ቲማቲም ጨምረው በተቀቀለ ድንች ላይ የሚያፈሱት ዓይነት አላቸው። ከሁሉም ጥንቃቄ የሚሻው ቫሽራን ብቻ የሚገባበት የፍሪቡር ፎንዱ ነው፦ በወይን ፋንታ በውሃ፣ በለስላሳ እሳት ይቀልጣል፤ ከፈላ ተበላሸ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው ግን ሞቲዬ ሞቲዬን ቢያዝ አይቆጭም። ግሩየሩ ጨውና ጥልቅ ጣዕም ይሰጠዋል፤ ቫሽራኑ ደግሞ ልስላሴ።

ፎርማጆ ብቻውን እሳት ላይ ቢጣድ ቅባቱ ለብቻው ይንሳፈፋል፣ ፕሮቲኑም ይጓጉላል። ይህን የሚከለክለው ወይኑ ነው። በወይኑ ውስጥ ያለው አሲድ ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ አስሮ የያዘውን ካልሲየም ያላላዋል፤ የተፈቱት ፕሮቲኖችም የቅባቱን ጥቃቅን ጠብታዎች ከበው ከውሃው ጋር ያስማሙታል። ስታርቹ ተመልሰው እንዳይጓጉሉ ያግዛል። ለዚህ ሲባል ኮምጠጥ ያለ ደረቅ ወይን ይመረጣል፤ በቫሌ የሚመረተው ፌንዳን የታወቀው ነው። ድስቱ ጠረጴዛ ላይ እያለ ቢለያይ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ወይም በወይን የተበጠበጠ ስታርች ጨምሮ በፍጥነት ማማሰል ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1911 ቱን በተባለችው የስዊዘርላንድ ከተማ ቫልተር ጌርበርና ፍሪትስ ሽቴትለር ከሲትሪክ አሲድ የሚገኘውን የሲትሬት ጨው ተጠቅመው ሳይለያይ የሚቀልጥ፣ ሳይበላሽ የሚቆይ ፎርማጆ ሠሩ። ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ በብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው ባለ ሦስት ማዕዘን አይብ የዚያ ሥራ ዘር ነው፤ መርሁም የፎንዱ ድስት ራሱ ነው።

የእረኛ ምግብ ነውን?

ምግብ ቤቶቹ በዝርዝራቸው ጀርባ ማተም የሚወዱት ታሪክ አለ፦ በአልፕስ ተራራ በረዶ የዘጋበት እረኛ የደረቀ ዳቦና የጠጠረ ፎርማጆ ብቻ ቀርቶት ሁለቱን በእሳት አገናኛቸው ይላል። ታሪኩ ያምራል፤ ማስረጃው ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጠቁማል። እንደ ግሩየር ያለው ፎርማጆ ወደ ውጭ የሚላክ ውድ ሸቀጥ ነበር፤ የሚያመርተው ገበሬ በየምሽቱ እያቀለጠ የሚጨርሰው አልነበረም። ፎርማጆን በወይን ስለ ማብሰል የሚናገረው የቆየ ጽሑፍ የተገኘውም ከተራራ ሳይሆን ከከተማ፣ ከ1699 የዙሪክ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፎንዱ ሲባል እንቁላል የሚገባበት ሌላ ምግብ ነበር። እንቁላሉ ወጥቶ ፎርማጆና ወይን ብቻ የቀረበት አሠራር በዚሁ ስም ተጽፎ የሚገኘው በ1875 ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የንግድ ታሪክ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መባቻ፣ በ1914፣ የስዊዘርላንድ የአይብ ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ የአገሪቱን ዋና ዋና ፎርማጆዎች እየገዛ ዋጋ የሚወስንና የሚሸጥ ኃያል ድርጅት ሆነ፤ እስከ 1999 ድረስም ቆየ። ብዙ ፎርማጆ ያለው ድርጅት ብዙ ፎርማጆ የሚያስጨርስ ምግብ ይፈልጋል፤ ፎንዱ ደግሞ በአንድ ምሽት በኪሎ ያስጨርሳል። በ1930ዎቹ ማኅበሩ የምዕራብ ስዊዘርላንዱን ምግብ የመላው አገር ብሔራዊ ምግብ አድርጎ ማስተዋወቅ ጀመረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የምግብ ራሽን ሲነሳ ዘመቻው ቀጠለ፤ ለጦር ክፍሎችና ለዝግጅት አዘጋጆች ድስትና ሹካው ከነማንደጃው ይላክላቸው ነበር። «ፎንዱ ጥሩ ነው፣ ጥሩ መንፈስም ይሰጣል» የሚለውን የ1950ዎቹ የስዊስ ጀርመንኛ መፈክር የዛሬ ስዊዞችም በቃላቸው ያውቁታል።

ወደ አሜሪካም የተሻገረው በዚሁ መንገድ ነው። በ1964 በኒው ዮርክ በተካሄደው የዓለም ኤክስፖ የስዊዘርላንድ ድንኳን ምግብ ቤት ፎንዱን ለብዙ ጎብኚ አስቀመሰ። በዚያው ከተማ «ሻሌ ስዊስ» የተባለ ምግብ ቤት የነበረው ኮንራድ ኤግሊ ደግሞ በ1960ዎቹ ፎርማጆውን በቸኮሌት ተክቶ ፍራፍሬ የሚጠቀስበትን ፈለሰፈ።

እንግዲህ ብሔራዊ ምግብነቱ በአብዛኛው የሻጮች ሥራ ነው። ይህ ግን ውሸት አያደርገውም። ማስታወቂያ ሰውን አንድ ቀን ሊያስቀምስ ይችላል፤ ሦስት ትውልድ በየብርዱ እየሰበሰበ ማስቀመጥ ግን አይችልም። ያ የመጣው ከአበላሉ ነው።

የጠረጴዛው ሥርዓት

ዳቦው የዋለ ይሁን፤ ትኩስ ዳቦ ድስቱ ውስጥ ይፈርሳል። እያንዳንዱ ቁራሽ ቅርፊት ሊኖረው ይገባል፤ ሹካው በለስላሳው በኩል ገብቶ ቅርፊቱ ላይ ሲነክስ ነው የሚጸናው። ከዚያ ዳቦውን ከላይ ነካ አድርጎ ማውጣት ነውር ነው፦ እስከ ግርጌ ወርዶ፣ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ዞሮ፣ ተጠምዝዞ ይወጣል። ይህ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከወጥ ቤት ከወጣ በኋላ ድስቱን የሚያማስል ሌላ ሰው የለም፤ ተመጋቢዎቹ ሁሉ በተራ አማሳዮች ናቸው። ወሬ አዝናግቷቸው ሹካዎች ሁሉ ካረፉ ድስቱ ይይዛል።

ከአንድ ገበታ መብላት ለለመደ ሐበሻ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ጉርሻ ግን የለበትም። እያንዳንዱ ሹካ ባለቤት አለው፤ ብዙ ቤቶች እንዳይምታታ እጀታውን በልዩ ልዩ ቀለም ያስቀልማሉ። ሹካው ወደ ድስቱ የሚመለስ በመሆኑ ዳቦውን በጥርስ ይዞ መሳብ እንጂ ከንፈርና ምላስን ብረቱ ላይ ማሳረፍ አይገባም። ሁለት ሰው አንድ ጊዜ ሲያጠቅስ ሹካዎቹ ይጋጫሉ፤ ጨዋ ሰው ይጠብቃል። ጨዋታ የሚወድ ግን የሌላውን ዳቦ ያስጥላል፣ ምክንያቱም ዳቦ የጣለ ይቀጣል። ቅጣቱ እንደ ጓደኞቹ ነው፦ ቀጣዩን ጠርሙስ መግዛት፣ ጎን ያለውን ሰው መሳም፣ መዝፈን። በቢሮ ባልደረቦች ጠረጴዛ ላይ ሁለተኛው ቅጣት ቀስ ብሎ ሲረሳ ይታያል።

ከፎንዱው በፊት በስሱ የተቆረጠ የደረቀ ሥጋ፣ ወይም ሰላጣ ይመጣል፤ ከጎኑ በኮምጣጤ የተዘፈዘፉ ትናንሽ ኪያሮችና ሽንኩርቶች ይቀመጣሉ፤ ቅባቱን የሚቆርጡት እነሱ ስለሆኑ አይናቁ። በመሀል አንድ አንድ መለኪያ ኪርሽ የሚያዝዙ አሉ። አንዳንዱም ዳቦውን ፎርማጆ ከማስነካቱ በፊት ኪርሹ ውስጥ ይነክረዋል፤ ይህኛው ለሚነዳ ሰው አይመከርም። ምርጥ ካፖርት ለብሶ መሄድም እንደዚሁ፤ ሽታው ለቀናት አይለቅም።

ድስቱ ሲጎድል እሳቱ ይቀነሳል። ግርጌው ላይ የቀረው ስስ ፎርማጆ ወርቅማ ቡናማ ቅርፊት ይሠራል፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ «መነኩሲት» ይሏታል። በሹካ ተፈቅፍቃ ለሁሉም ትከፋፈላለች። ከእራቱ ሁሉ የምትሻለው ይህች ናት ብዬ ለመከራከር ዝግጁ ነኝ፤ አስተናጋጁ ድስቱን ቸኩሎ ሲያነሳ ዝም ማለት አይገባም።

የማያቋርጠው ክርክር፦ ምን ይጠጣ?

ከፎንዱ ጋር ነጭ ወይን ወይም ትኩስ ሻይ ይጠጣል፤ ቀዝቃዛ ውሃ የጠጣ ሰው ፎርማጆው ሆዱ ውስጥ ድንጋይ ይሆንበታል የሚል እምነት በስዊዘርላንድ ሥር የሰደደ ነው። ኪርሹም «ለማብላላት» ነው የሚታዘዘው። የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሐኪሞች ጉዳዩን ከቁም ነገር ቆጥረው 20 ጤነኛ ሰዎችን ፎንዱ አበሏቸው፤ ወይን ወይም ጥቁር ሻይ፣ ከዚያም አረቄ ወይም ውሃ እየሰጡ ጨጓራቸው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያሳልፍ ለኩ። ውጤቱ በ2010 በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት ታተመ። አልኮል በበዛ ቁጥር ጨጓራው ዘገየ፤ ሻይና ውሃ የጠጡት ቶሎ አሳለፉ። ይሁንና ኪርሹ አሁንም ይታዘዛል።

የት ይበላል?

ግሩየር ከተማ ከነቤተ መንግሥቷ በቱሪስት የተሞላች ናት፤ ጣፋጩ ግን እዚያ ልዩ ነው፦ ሜሬንግ (ከእንቁላል ነጭና ከስኳር የሚጋገር) እና የግሩየር ወፍራም ክሬም። ከፎንዱ በኋላ እሱን የሚጨርስ ሆድ ይደነቃል። በዙሪክ በብርድ ወራት አሮጌ ትራም ወደ ምግብ ቤት ተለውጦ ከተማዋን እየዞረ ፎንዱ ያበላል፤ ትራሙ ሲታጠፍ ዳቦ የሚጥል ሰው ሰበብ አያጣም።

ከሁሉ ልዩ የሆነው በጄኔቫ ሐይቅ ውስጥ የገባው ቤን ደ ፓኪ ነው። በ1932 የተሠራ የሕዝብ መዋኛ ነው፤ ሊፈርስ ሲል የከተማው ሕዝብ በ1988 በድምፁ አተረፈው። በበጋ ሰው የሚዋኝበት፣ በብርድ ጊዜ ሳውና የሚገባበት ሆኖ፣ ቡና ቤቱ በክረማን፣ ማለትም አረፋ በሚያወጣ ወይን፣ የተሠራ ፎንዱ ያቀርባል። የተማሪው፣ የባንክ ሠራተኛውና የተባበሩት መንግሥታት ተቀጣሪው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። የአስተናጋጅ ሽርጉድ የለም፤ ዋጋውም እንደ ጄኔቫ አይከብድም።

ዘመዶቹ

ድንበር ሲሻገሩ የፈረንሳይዋ ሳቮዋ ቦፎርና ኮንቴ በተባሉ ፎርማጆዎች የምትሠራው አለ። በኢጣሊያ በኩል ደግሞ ፎንቲና በወተትና በእንቁላል አስኳል የሚቀልጥበት ፎንዱታ ይገኛል። «ቡርጊኞን» የሚባለው ሥጋ በፈላ ዘይት የሚጠበስበት፣ «ሺኗዝ» የሚባለው ስስ ሥጋ በፈላ መረቅ የሚነከርበት ነው፤ የኋለኛውን ብዙ የስዊዝ ቤተሰቦች ለገና ያሰናዱታል። አንድ ድስት ተከቦ በሹካ ከመበላታቸው በቀር ከፎርማጆው ጋር ብዙም አይዛመዱም።

ለጾመኛና ወይን ለማይጠጣ

በጄኔቫ፣ በዙሪክም ሆነ በሌላ የአውሮፓ ከተማ ለሚኖር የተዋሕዶ ምእመን የፎንዱ ወራትና የጾም አቆጣጠር አይስማሙም። ብርዱ ሲገባ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይያዛል፤ ከልደት በኋላ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የነነዌ ሦስት ቀንና ዐቢይ ጾም ይመጣሉ፤ ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ምግብ ቤቶቹ ድስታቸውን እያነሱ ነው። ወይን የማይጠጣ ሙስሊም ወይም ሌላ ሰው አልኮሉ በሙቀት ሁሉ እንደማይተን፣ ኪርሹም መጨረሻ ላይ እንደሚገባ ቢያውቅ መልካም ነው፤ በውሃ የሚሠራውን የቫሽራን ፎንዱ ያለ ኪርሽ ሲያዝዙት የሚሠሩ ቤቶች አሉ። ግሩየር የሚረጋው ከእንስሳ ጨጓራ በሚወጣ ማርጊያ መሆኑም ለሚጠይቅ ሰው ይነገራል። ለጾመኛው የሚመቸው ከልደት እስከ ነነዌ ያለው ጊዜ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ሲወጡ ጓደኛ የሚሰበሰብበት ቅዳሜ ማታ ይቀራል፤ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ጠረጴዛ ቀደም ብሎ ካልተያዘ አይገኝም።