ከምርጫ ቀን ውጪ ዜጋው የት ነው?

ዲሞክራሲ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ኮሮጆ ነው፣ በአራት አምስት አመት አንዴ ድምፅ ሰጥቶ ወደ ቤት መግባት። አንዳንድ አገሮች ግን በመሀል ባለው ጊዜም ተራውን ሰው ስራ ውስጥ ያስገቡታል፣ አንዳንዱ የምር፣ አንዳንዱ ለፎቶ።

የስዊዘርላንዱ የቆየ ነው። በ18 ወር 100,000 ፊርማ ካሰባሰብክ የህገ መንግስት ማሻሻያ ሀሳብህ ህዝበ ውሳኔ ላይ ይወጣል፣ ፓርላማው ያወጣውን ህግ ለማስቆም ደግሞ በ100 ቀን 50,000 ፊርማ ካገኘህ ህዝቡ ይወስናል፣ ስለዚህ እዛ ያለ ፖለቲከኛ ገና ህግ ሲያረቅ ፊርማ እንዳይነሳበት እያሰበ ነው። የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ እ.ኤ.አ. በ1989 በጀቱን ወደ ሰፈር አወረደችው፣ ነዋሪው ተሰብስቦ አስፋልት ይቅደም ወይስ ፍሳሽ ብሎ ተከራክሮ ተወካይ ይልክ ጀመር። ብዙ ከተሞች ኮርጀውታል፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ብዙዎቹ የወሰዱት ስሙን ነው፣ ለህዝብ የተተወችው ብር እዚህ ግባ አትባልም።

አሁን ብዙ የሚወራለት በእጣ የሚመረጥ የዜጎች ጉባኤ ነው። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2016፣ 99 ሰው በእድሜ፣ በፆታና በአካባቢ አመጣጥና መረጠች፣ ሰብሳቢያቸው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበረች። ፖለቲከኞቹ ለአመታት ሲሸሹት የነበረውን የውርጃ ጉዳይ ሰጧቸው፣ እነሱም ቅዳሜና እሁድ እየተገናኙ ሀኪሙንም የህግ ባለሙያውንም ደጋፊውንም ተቃዋሚውንም ሰምተው፣ ጠረጴዛ ዙሪያ በትንንሽ ግሩፕ ተወያይተው በሚስጥር ድምፅ ሰጡ። ክልከላው ይነሳ አሉ፣ ጉዳዩ በፓርላማ ኮሚቴ አልፎ በሜይ 2018 ህዝበ ውሳኔ ላይ ወጣ፣ 66.4% እሺ አለ።

ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ አየር ንብረት ለውጥ 150 ሰው ሰበሰበች፣ 149 ሀሳብ አወጡ፣ ፕሬዝዳንት ማክሮን ሳልቆራርጥ እንዳለ አቀርበዋለሁ ብሎ ነበር፣ ከዛ ግን የተጣለው ተጣለ የለዘበው ለዘበ፣ አባላቱ በመጨረሻ ለመንግስት ምላሽ የሰጡት ማርክ ከ10 ግማሽ አልሞላም። እንግዲህ ልዩነቱ ከውይይቱ ሳይሆን ሀሳቡ ከወጣ በኋላ ማን መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት ከሚለው ነው። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት ደግሞ የዜጎች ጉባኤ ያቀረበው አዲስ የምርጫ ስርዓት እ.ኤ.አ. በ2005 በህዝበ ውሳኔ 57.7% ድጋፍ አግኝቶ እንኳን ወደቀ፣ መንግስት ቀድሞ 60% ካልሞላ ብሎ ነበርና።

ለዚህ ይመስለኛል የቤልጂየም ጀርመንኛ ተናጋሪ ማህበረሰብ እ.ኤ.አ. በ2019 ጉዳዩን በህግ ያሰረው፣ 24 ሰው ያለው ቋሚ ካውንስል ለጉባኤው አጀንዳ ይመርጣል፣ ፓርላማው ደግሞ የመጣለትን ሀሳብ አልቀበልም ካለ ምክንያቱን በይፋ መናገር አለበት።