ፊደሉ ያው፣ ቃሉ ሌላ፦ የፕሮቲን «የመጀመሪያ ደረጃ መዋቅር»

የእህቴ ልጅ ከደብረ ማርቆስ ደወለች። ፈተና ደርሶባታል። «ጋሼ፣ ፕሮቲን ሁሉ የሚሠራው ከአሚኖ አሲድ ከሆነ፣ የፀጉሩና የደሙ በምን ተለያየ?»

እስኪ መጀመሪያ «መከረ»፣ ቀጥለሽ «ከመረ» ብለሽ ጻፊ አልኳት። ፊደሎቹ ያው ሦስቱ ናቸው። አንዱ ግን የሽማግሌ ሥራ ነው፤ ሌላው ጤፍ አጭዶ ነዶውን መቆለል። ለውጡን ያመጣው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው።

ፕሮቲንም እንዲሁ ነው። ፊደሎቹ 20 ገደማ አሚኖ አሲዶች ናቸው። ሁለቱ ሲያያዙ አንዲት የውሃ ሞለኪውል ትወጣለች፤ ማያያዣው ፔፕታይድ ቦንድ ይባላል። በሰንሰለቱ ላይ ማን ከማን ቀጥሎ እንደተደረደረ፣ እሱ ነው «የመጀመሪያ ደረጃ መዋቅር»። ስሙ ያሳስታል፤ ቅርጽ ይመስላል። ቅርጹ የሚመጣው ግን በኋላ፣ ሰንሰለቱ ሲጣጠፍ ነው።

የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ፕሮቲን፣ የሰው ኢንሱሊን፣ 51 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው ያለው። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚያጓጉዘው ፕሮቲን፣ ሄሞግሎቢን ላይ ደግሞ ጉድ አለ። ቤታ በሚባለው ሰንሰለት 6ኛው ቦታ ላይ በግሉታሚክ አሲድ ፋንታ ቫሊን ይገባል እንበል። ይህ ከእናትም ከአባትም ከተወረሰ፣ ኦክስጅኑን ያራገፈው ሄሞግሎቢን እርስ በርሱ ይያያዛል። ቀይ የደም ሴሉም እንደ ማጭድ ይቆለመማል።

«ይኸው ማጭዱም መጣ!» ብላ ሳቀች።