«የእህቴ ልጅ ነው፣ ምን ወረቀት ያስፈልገዋል?» እና ሌሎች ስለ ማደጎ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባህር ዳር ሽምብጥ ሰፈር የምትኖር ጎረቤቴ የሟች እህቷን ልጅ ከ3 ዓመቱ ጀምራ ነው ያሳደገችው፣ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ልታስመዘግበው ስትሄድ የልደት ሰርተፍኬትና የወላጅ መታወቂያ አምጪ አሏት፣ እሷ ደሞ በፌስታል የያዘችው የክትባት ካርድ ብቻ ነው እና ባጃጅ ይዛ ተመለሰች። ማታ ቡና ላይ የሰማሁት ምክር ሁሉ ስህተት ስለነበር ነው የምጽፈው።

«የእህቴ ልጅ ነው፣ ምን ወረቀት ያስፈልገዋል?»
ዋናው ስህተት ይሄ ነው። እኛ ጋ ልጅ አክስት ወይ አያት ቤት ማደጉ ብርቅ አይደለም፣ ግን አክስት መሆንና ለልጁ መፈረም መቻል ለየቅል ናቸው። ከፍርድ ቤት የሞግዚትነት ወረቀት ካልወጣ የእናቱ ጡረታም ሆነ በስሙ ያለ ገንዘብ ላይ ስትደርስ ትቆማለህ። እኔን ብትጠይቁኝ ለአሳዳጊዎች የሚሻሻል ነገር ካለ ከዚህ ይጀመር፣ አሳዳጊዋ ከቀበሌ ወደ ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤት ወደ ወሳኝ ኩነት ከምትመላለስ በአንድ መስኮት ይለቅላት።

«ጉዲፈቻ የፈረንጅ ነገር ነው፣ እሱም ተዘግቷል»
በ2010 ፓርላማ የዘጋው ለውጭ ዜጋ የሚሰጠውን ነው፣ ለእኛማ ክፍት ነው። የፈረንጅ የሚለውስ ከየት መጣ? ቃሉ ራሱ ከኦሮምኛ ነው፣ አማራውም ድሮ ጣት ወይ ጡት ላይ ማር ቀብቶ ልጁን እያጠባ «የጡት ልጅ» «የማር ልጅ» ሲል የኖረ ነው።

«የማደጎ ልጅ አይወርስም»
ፍርድ ቤት ያጸደቀው ጉዲፈቻ ከሆነ ከአብራክ ልጅ እኩል ይወርሳል። ባዶ እጁን የሚቀረው በቃል ብቻ «ልጄ ነህ» የተባለው ነው፣ አሳዳጊው ሲሞት ዘመድ ተሰብስቦ ማን ነህ ይለዋል። ከወለዱት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድናም አይቆረጥም፣ ሁለቱ መሀል መምረጥ ግድ ከሆነ ግን የአሳዳጊው ቤተሰብ ይቀድማል።

«ካልሆነልኝ እመልሰዋለሁ»
ኧረ ዕቃ አይደለም! ጉዲፈቻን የሚያፈርሰው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፣ እሱም አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ሲያሰራው ወይ የወደፊት ህይወቱን በሚጎዳ ሁኔታ ሲይዘው ነው። ለጊዜው ላሳድግ የሚል ሰው ፎስተር፣ የአደራ ቤተሰብ የሚባለው አለለት፣ እዛ ላይ ውርስ የለም።

«ያላገባ አይችልም»
ይችላል። የፌደራሉ የቤተሰብ ህግ የሚለው 25 ዓመት ይሙላው ነው (ክልላችን የራሱ የቤተሰብ ህግ አለው፣ እሱንም ጠይቁ)።

«ጨቅላ የወሰደች እናት የወሊድ ፈቃድ ታገኛለች»
ሰው ሁሉ እንደዛ ነው የሚመስለው፣ እኔም ይመስለኝ ነበር። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30 ቀን ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባት ደሞ 3 ቀን ይሰጣል፣ ግን የተጻፈው ለነፍሰ ጡር ሰራተኛ ነው። ስለዚህ የ2 ወር ህጻን ተቀብላ ሌሊቱን ሙሉ ጡጦ ስታሞቅ ያደረች ሴት ጠዋት ስራ ግቢ ልትባል ነው፣ ወይ የዓመት ፈቃዷን ትጨርሳለች። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 36 ላይ ወላጅ አልባ ልጆች በጉዲፈቻ እንዲያድጉ የሚሰሩ ተቋማትን መንግስት ያበረታታል ይላል፣ አሳዳጊዋ ጋ ሲደርስ ግን ማበረታቻው የለም። እዚህ ላይ አዋጁ ውስጥ አንድ መስመር ቢጨመር ስንቱ ቤት ይቀየራል።

ጎረቤቴ ማክሰኞ ለሞግዚትነቱ ማመልከቻ ልታስገባ ነው፣ እኔና የእድሯ ጸሀፊ ምስክር ነን። ልጁ ደሞ ዩኒፎርሙ ተሰፍቶ ስላለቀ ለብሼ ካልሄድኩ እያለ ነው።