ዕዳ፣ ፍቺ እና ክሊራንስ

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያለ ሐበሻ ሥራ ሲፈልግ «ክሊራንስ ይጠይቃል» የሚል ማስታወቂያ በየቦታው ይገጥመዋል። ሴኩሪቲ ክሊራንስ ማለት የአሜሪካ መንግሥት ምስጢሩን እንዲያይ ለአንድ ሰው የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ኮንፊደንሻል፣ ሲክሬት እና ቶፕ ሲክሬት የሚባሉ ደረጃዎች አሉት። ዜግነት ይጠይቃል፤ ግሪን ካርድ አይበቃም።

ውሳኔው የሚሰጠው እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባሉ 13 መመዘኛዎች ነው። ስድስተኛው፣ «ኤፍ» የሚባለው፣ ስለ ገንዘብ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው።

ዕዳ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። አንደኛው ፍራቻ የቸገረው ሰው በገንዘብ ሊገዛ ይችላል የሚል ነው፣ ባዶ ፍራቻም አይደለም። የሲአይኤ ባልደረባ የነበረው አልድሪች ኤምስ በፍቺና በዕዳ ተወጥሮ ሳለ በ1985 ለሶቪየቶች ምስጢር መሸጥ ጀመረ፤ በኋላ 540 ሺህ ዶላር ያወጣ ቤት በጥሬ ገንዘብ ገዝቶ፣ በጃጓር እየተንሸራሸረ ዓመታት ቆይቶ በ1994 ተያዘ። ስለዚህ ምንጩ ያልታወቀ ሀብትም እንደ ዕዳው ያስጠይቃል። ሁለተኛው ፍራቻ ደግሞ ቀለል ያለ ነው፦ የራሱን ሂሳብ ችላ ያለ ሰው የመንግሥትን ደንብ ያከብራል ወይ?

አመልካቹ የሚሞላው ኤስኤፍ 86 ቅጽ ከመቶ ገጽ በላይ ነው። ባለፉት 7 ዓመታት የነበረ የኪሳራ አዋጅ (ባንክራፕሲ)፣ ያልተከፈለ ግብር፣ ከ120 ቀን በላይ የዘገየ ዕዳ፣ ኮሌክሽን የገባ፣ ማለትም ለዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ ሂሳብ፣ ሁሉንም ይጠይቃል፤ በቁማር የመጣ የገንዘብ ችግርን ደግሞ ዓመት ሳይገድብ ይጠይቃል። ግን የዕዳው መጠን ብቻውን አይወስንም። ከሥራ መባረር፣ ድንገተኛ ሕመም፣ ፍቺ፣ ሞት፣ የማንነት ስርቆት፣ ከሰው አቅም በላይ የሆነ ነገር ሁሉ እንደ ማቃለያ ይታያል፤ ሰውየው ከዚያ በኋላ ኃላፊነት ወስዶ የሠራው ነገር ካለ ነው ታዲያ። በየወሩ 50 ዶላርም ቢሆን እየከፈለ፣ ደረሰኙን የያዘ ሰው፣ ጥያቄ ሲመጣበት ተሯሩጦ ከሚከፍለው ይሻላል። ግብር አለማሳወቅ ግን በእኔ አስተያየት ከክሬዲት ካርድ ዕዳ ይልቅ ይከብዳል።

ፍቺው ራሱ ጥፋት አይደለም። የሥነ ልቦና ምክር መፈለግም ብቻውን እንደ ጥፋት እንደማይቆጠር መመሪያው በግልጽ ያስቀምጣል። ይህን ሰምቶ የሚያምን ሐበሻ ማግኘት ግን ከባድ ነው፤ ሕክምናውን ትቶ የሚሰቃይ ስንት አለ። መዋሸት ግን ሌላ ነው። ቅጹ ላይ ሆን ብሎ መዋሸት እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው።

የእኛ ነገርም አለበት። ቅጹ የውጭ ዜጋ ለሆነ ሰው የገንዘብ ድጋፍ ታደርጋለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ለእናት የሚላከው ወርሃዊ ብርም እዚህ ይገባል። የእቁብ ዕጣ ደርሷችሁ 20 ሺህ ዶላር በአንዴ ባንክ ብታስገቡ ደግሞ ለማያውቅ መርማሪ ማስረዳት ይጠበቅባችኋል፣ ስለዚህ የእቁቡን መዝገብ ቅጂ ያዙ።

ችግር ከታየ ምክንያቱን የሚዘረዝር ደብዳቤ ይመጣል። የመከላከያ ኮንትራክተር፣ ማለትም ለመከላከያ መሥሪያ ቤቱ በውል የሚሠራ ኩባንያ፣ ሠራተኛ ለደብዳቤው መልስ ለመስጠት 20 ቀን አለው፣ ዳኛ ፊት ቀርቦ መከራከርም ይችላል፤ ጥርጣሬ ካለ ግን ሚዛኑ ለአገር ደኅንነት ያደላል። ፈቃዱ እጅ ከገባ በኋላም የክሬዲት መረጃ በኮምፒውተር ይከታተሉታል፤ ዛሬ የተዘለለ ክፍያ ነገ ጥያቄ ይዞ ሊመጣ ይችላል።