በጉርብትና ሰው ማክበር፦ ክርስቲያኖች የሚሳሳቱባቸው አመለካከቶች እና እውነታው

ከመቀመጫ መነሣት፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም ማለት መልካም ልማድ ነው። ጎረቤትን የሚያስከፋው ግን አብዛኛውን ጊዜ የዚህ መጓደል ሳይሆን በደግነት ስም የሚደረግ ነገር ነው። በእድር፣ በማኅበርና በጸሎት ቡድን ደጋግመው የሚያጋጥሙትን እንመልከት።

«አክብሮት ለታላቅና ለባለ ሥልጣን ነው»

ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ (2፥17) የጻፈው «ሁሉን አክብሩ» ብሎ ነው። ያዕቆብም (2፥2-4) የወርቅ ቀለበት ላደረገው ጥሩ ስፍራ ሰጥቶ ድኻውን እግር ሥር ማስቀመጥን በግልጽ ይነቅፋል። ሽበት ያወጣውን የግቢ ጥበቃ «አንተ» ብሎ የሚጠራ ወጣት፣ ለቤት ሠራተኛ የድግስ ትራፊ የሚያቀርብ ቤተሰብ ከዚህ ነቀፋ አያመልጥም። የሠራተኛዋ ድርሻ እንግዳ ከመስተናገዱ በፊት ተለይቶ ይቀመጥ።

«እኔ አቀርባለሁ፤ መብላት አለመብላት የእሱ ፋንታ ነው»

ብዙ ቅያሜ የሚጀምረው ከገበታ ነው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ልደት ደግሶ፣ ጿሚ ጎረቤትን ጠርቶ፣ ወተትና እንቁላል የገባበት ኬክ ብቻ ማቅረብ እንግዳውን ጦሙን ማዋል ነው። «በሞቴ» እያሉ መጎትጎት ደግሞ ይብሳል፤ ወይ ጾሙን ይሽራል፣ ወይ ባለቤቱን ያሳፍራል።

ሥራው ቀላል ነው። የጾሙ ወጥ አስቀድሞ በዘይት ይሠራ፤ የራሱ ማማሰያና ጭልፋ ይኑረው። የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው፦ ቅቤ የነካ ጭልፋ ወደ ሽሮው ይመለሳል፣ ወይም ጥድፊያ ሲበዛ ሁለቱ በአንድ ትሪ ይወጣሉ። የፍስኩ ማዕድ ለብቻው ይቀመጥ፤ የቱ የጾም እንደሆነም እንግዳው ሳይጠይቅ ይነገረው።

ሙስሊም ጎረቤት በክርስቲያን የታረደ ሥጋ አይበላም። ስለዚህ በጉን ከነሕይወቱ ወይም መግዣውን ከድግሱ ቀን ቀደም ብሎ መስጠት ነው፤ እነሱ አርደው በራሳቸው ድስት ይሠሩታል። በእነሱ ገበታ ላይ ጠላና ጠጅ አይቅረብ፤ በረመዳን ደግሞ ጥሪው ከመግሪብ (ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚሰገደው ሶላት) በኋላ ይሁን። ይህን ማድረግ እምነት ማላላት የሚመስላቸው አሉ። ጳውሎስ ግን መብል ወንድሙን የሚያሰናክል ከሆነ ከቶ ሥጋ እንደማይበላ ጽፏል (1ኛ ቆሮንቶስ 8፥13)።

«ለበዓል ማዕድ ስናጋራ ፎቶ ማንሣት ሌላውን ያነሣሣል»

ዘይትና ዱቄት ተሸክማ ፎቶ የተነሣችው እናት ፊት በየስልኩ ይዞራል፤ ልጆቿም ትምህርት ቤት ያዩታል። ክርስቶስ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ብሏል (ማቴዎስ 6፥3)። ለሒሳብ ማስረጃ የግዢው ደረሰኝና የዕቃው ፎቶ፣ ገንዘብ ያዡ ዘንድ የሚቀመጥ ፊርማም ይበቃል። ዕርዳታው ሰው አሰልፎ ከማደል ይልቅ በዋዜማው ቤት ለቤት ቢደርስ ይሻላል።

«ጸልዩለት ብሎ መናገር ሐሜት አይደለም»

የሰው ትዳር ወይም የምርመራ ውጤት በቴሌግራም ቡድን ከወጣ፣ «ለጸሎት ነው» ማለት ምሥጢሩን አይመልሰውም። መጀመሪያ ባለቤቱ ይፍቀድ። ካልፈቀደ «ለአንድ ቤተሰብ እንጸልይ» ማለት ይበቃል፤ ሰፈርና የሥራ ቦታ ከተጨመረበት ግን ስም እንደመጥራት ነው።

«ማክበር ማለት ጥፋት አይቶ ዝም ማለት ነው»

አይደለም። ማቴዎስ 18፥15-17 ቅደም ተከተሉን ያስቀምጣል፦ መጀመሪያ ለብቻ፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ፣ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን። የተለመደው ስሕተት የመጀመሪያውን ዘሎ ጉባኤ ላይ መናገር ነው፤ የተዋረደ ሰው ጥፋቱን ትቶ ክብሩን መከላከል ይጀምራል። በዕድሜ ለሚበልጥ ሰው ንግግሩ ለአባት እንደሚቀርብ ምክር ይሁን (1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥1)። ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ላይ ወይም በልጆቹ ፊት አይነሣ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሲደረስ ሽማግሌዎቹ የከሳሹ ወዳጆች ብቻ ከሆኑ የተከሰሰው አይሰማቸውም፤ አንዱን የተከሰሰው ራሱ ይምረጥ።