የዓይን ሞራ፦ ጅማ ላይ የሚወራውና እውነታው

በአገራችን ሰውን ዓይነ ስውር ከሚያደርጉ ሕመሞች ቀዳሚው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው። በ1998 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ በሱ የመጣ መሆኑን አሳይቷል። የሚያናድደው በቀዶ ሕክምና የሚድን መሆኑ ነው። እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለ። ገንዘብና አስታማሚ ማጣት ሰውን እንደሚያስቀር አውቃለሁ፤ ወሬም ግን ብዙ ሰው ያስቀራል።

«ሞራው ገና አልበሰለም፣ ይቆይ»

ከሁሉም ጎጂው ይሄ ነው። ድሮ በነበረው የቀዶ ሕክምና ዘዴ ምክሩ ልክ ነበር። አሁን መለኪያው ሰውየው የዕለት ሥራውን መሥራት መቻሉ ነው። ቡና ስትለቅም ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው መለየት ያቃታት እናት፣ የሰው ፊት እስኪጠፋባት የምትጠብቅበት ምክንያት የለም። ብዙ የቆየ ሞራ ይጠነክራል፤ ቀዶ ሕክምናውም ይከብዳል። አንዳንዴም ዓይን ውስጥ ይፈስና ግፊቱን ይጨምራል። ያኔ ዓይን ይቀላል፣ ሕመሙ አያስተኛም፣ የጠፋው ብርሃንም ላይመለስ ይችላል።

«ዓይን ላይ የበቀለ ሥጋ ነው፤ ዓይኑን አውጥተው ይገፉታል»

ኧረ ማንም ዓይን አያወጣም! ዓይን ላይ ሥጋ የሚያበቅለው ሌላ ሕመም ነው። ሞራ ማለት ከብሌኑ ጀርባ ያለው የዓይን ሌንስ ሲደፈርስ ነው፤ ልክ እንደ ቆሸሸ የመስኮት መስታወት። ሐኪሙ ዓይኑን ያደነዝዛል፣ በጠባብ ቀዳዳ የደፈረሰውን ሌንስ ያወጣል፣ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባል። ይህን ሌንስ መጀመሪያ የተከለው እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ነው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1949። ሌላ ችግር ከሌለ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

«ጠብታ ያጠፋዋል»

ሞራን የሚያጠፋ ጠብታ የለም። ይባስ ብሎ፣ ጎረቤት «እኔን አድኖኛል» ያለውን ዴክሳሜታዞን (የዓይን መቅላትና እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ የሚጨምር ሰው ራሱ ሞራና ግላኮማ (የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ ሕመም) ሊያመጣ ይችላል።

«አባባ ያለ መነጽር ማንበብ ጀመሩ፤ ዓይናቸው ተመለሰ»

ደስታው ባይነጠቅ ጥሩ ነበር። ሌንሱ እየጠነከረ ሲሄድ ዓይን የቅርቡን ለጊዜው አጥርቶ ያያል፣ የሩቁ ግን ይደበዝዛል። ይህ የሞራው መጀመሪያ ሊሆን ስለሚችል ያስመርምሯቸው።

«ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሶላትና ስግደት ይቀራል»

ይህን ፈርተው የሚቀሩ ሽማግሌዎች አሉ። የሚቀረው ለጥቂት ጊዜ ጎንበስ ማለት ብቻ ነው፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ይቻላል። ውዱእ ሲደረግም ሆነ ፊት ሲታጠብ ውሃ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ መጠንቀቅ ነው። ዓይንን አለማሸት፣ ከባድ ዕቃ አለማንሳት፣ የታዘዘውን ጠብታ አለማቋረጥ። በቃ።

«ተመልሶ ይመጣል»

ሰው ሠራሹ ሌንስ ሞራ አይዝም። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ግን ከጀርባው ያለው ስስ ሽፋን ሊደበዝዝ ይችላል። እሱንም ሐኪም በሌዘር በደቂቃዎች ይከፍተዋል።

«ከተሠራ ሁሉም ያያል»

ግላኮማ፣ የስኳር ጉዳት ወይም የትራኮማ ጠባሳ አብሮ ካለ ሞራው ቢወጣም እይታው ሙሉ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት «ከሞራው ሌላ ችግር አለ ወይ?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ዓይኑ ደህና የሆነም ሰው ቢሆን ለማንበብ መነጽር ሊያስፈልገው ይችላል።