ወታደር «ከቤት ነው የምሠራው» ሲል፦ የገና ሰሞን ወሬዎችና እውነታው

ታንኩን ጋራዥ አቁሞ፣ ከላይ የደንብ ልብስ ከታች ፒጃማ አድርጎ፣ በዙም «ተኩስ!» የሚል ኮሎኔል። ኮቪድ ዓለምን ቤቱ ካስገባ ወዲህ እንዲህ ዓይነት ቀልድ አያልቅም። በተለይ እንግሊዞቹ በገና ሰሞን ይወዱታል። ዲሴምበር ሲጋመስ መኮንኑ ላፕቶፑን ይዞ ውልቅ ይላል። የት ሄደ ሲባል «ከቤት እየሠራ ነው» ይባላል። ሁሉም ይስቃል።

ቀልዱን አልጠላውም። ግን አብረውት እንደ እውነት የሚወሩ ነገሮች አሉ። እነሱን ላንሳ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ገና ስልም የዲሴምበር 25ቱን ማለቴ ነው፤ የእኛም በመሃል ይመጣል።

«ወታደር ከቤት ሆኖ መሥራት አይችልም»

ይችላል። ጦር ማለት ምሽግ ብቻ አይደለም። ደሞዝ የሚያሰላ አለ፣ መለዋወጫ የሚያዝ አለ፣ የመጪውን ዓመት ሥልጠና የሚያቅድ አለ። ስለ ዕቅዱ ስብሰባ የሚያቅድም አይጠፋም። የእነዚህ ሰዎች መሣሪያ ኤክሴል ነው። ፔንታጎን በ2020 ሠራተኞቹ ከቤት እንዲሠሩ ቲምስ በተባለው የማይክሮሶፍት የስብሰባ መተግበሪያ ላይ የተመሠረተ ጊዜያዊ ሥርዓት ከፍቶ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ተጠቃሚ ገባበት።

ገደቡ ምስጢር ነው። እንግሊዞች ከ2014 ጀምሮ የመንግሥት መረጃን በሦስት ደረጃ ይከፍላሉ፦ ኦፊሻል (የተለመደ የሥራ መረጃ)፣ ሲክሬት (ምስጢር)፣ ቶፕ ሲክሬት (ጥብቅ ምስጢር)። ቤት የሚገባው የመጀመሪያው ነው። ሌላው ከተቆለፈ ክፍል አይወጣም። ስለዚህ በገና ዋዜማ አማቶቹ ቤት ሶፋ ላይ ላፕቶፕ ከፍቶ፣ ግንባሩን ቋጥሮ «ይቅርታ፣ ምስጢራዊ ሥራ ይዣለሁ» የሚል መኮንን ካያችሁ አትመኑት። ድንች ላለመላጥ ነው።

«ገና ሲደርስ ሁሉም ይወጣል፣ ካምፑ ባዶ ይቀራል»

ግማሹ እውነት ነው። አብዛኞቹ የእንግሊዝ ጦር ክፍሎች በገናና በአዲስ ዓመት ሰሞን ለሁለት ሳምንት ገደማ በጅምላ ፈቃድ ይወጣሉ። ግን በር የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። የመሣሪያ ግምጃ ቤቱ በዓል ነው ብሎ ራሱን አይጠብቅም። ስኮትላንድ ውስጥ በሎሲማውዝ፣ እንግሊዝ ውስጥ በኮኒንግስቢ ደግሞ ታይፉን ተዋጊ ጄቶች ዓመቱን ሙሉ፣ ሌት ተቀን ተዘጋጅተው ይቆማሉ። ማንነቱ ያልታወቀ አውሮፕላን ከተጠጋ በደቂቃዎች ውስጥ መነሳት አለባቸው። አብራሪው የገና ምሳውን ሊበላ የሚቀመጠው የበረራ ልብሱን እንደለበሰ ነው።

ታዲያ ተረኛው ማነው? ብዙ ቦታ ልጅ የሌላቸው፣ ልጅ ላላቸው ሲሉ በፈቃዳቸው ይገባሉ። ይህ ደስ ይላል። ሌላኛው መንገድ ግን ብዙም ደስ አይልም። በእንግሊዝ ጦር ወጣት መኮንን ሲያጠፋ ተጨማሪ ተረኝነት ይሰጠዋል። ኦክቶበር ላይ ስብሰባ ያረፈደ ምክትል መቶ አለቃ ገናን የት እንደሚውል ያኔውኑ ይገባዋል።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ጥሩ ካርታ ይዟል። በአሜሪካ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ ትውልደ ኢትዮጵያውያን አሉ። የኦርቶዶክሱ ገና ደግሞ ጃንዋሪ 7 ነው። «ዲሴምበር 25ን እኔ እሸፍናለሁ፣ የእኛን ቀን ልቀቁልኝ» ብሎ መደራደር ይቻላል። እኔ ብሆን አላቅማማም። ያን ቀን ጾመ ነቢያት ላይ ስለሆንን የካምፑ የቱርክ ዶሮ ጥብስም አያጓጓኝም።

«በበዓል መኮንኑ ይዝናናል፣ ተራው ወታደር ይላላካል»

በእንግሊዝ ጦር ነገሩ ተገልብጦ ነው የሚገኘው። ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው። ወታደሮቹ ለፈቃድ ከመውጣታቸው በፊት በሚደረገው ግብዣ፣ ዘመቻ ላይ ከሆኑ ደግሞ በራሱ በገና ጠዋት፣ መኮንኖቹ ወደ ወታደሩ መኝታ ሄደው ሻይ ያድላሉ። ሻዩ ሩም የሚባል አረቄ አለበት። «ገንፋየር» ይሉታል። ዓመቱን ሙሉ «ተነስ!» ሲል የኖረ ሰው፣ አልጋ ድረስ ኩባያ ይዞ መጥቶ «እንደምን አደርክ» ይላል።

ምሳው ላይም እንደዚያው ነው። መኮንኖችና ሳጅኖች የወረቀት ቆብ አድርገው ያስተናግዳሉ። ወታደሩ ተቀምጦ ያዛል። ሻለቃውን «መረቁን ጨምርበት እንጂ!» ማለት የሚቻለው ያን ቀን ብቻ ነው። በባሕር ኃይሉ ደግሞ በመርከቡ ላይ በዕድሜ ትንሹ መርከበኛ በገና ቀን የካፒቴኑን ቦታ ይይዛል። ወግ እንጂ እውነተኛ ሥልጣን አይደለም፤ መርከቡን ወደ ካሪቢያን ማዞር አይችልም። ደግሞም በማግስቱ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። መረቁን ማን እንዳዘዘ ሻለቃው በደንብ ያስታውሳል።

ይህ እንግዲህ ከቤት ሆኖ የማይሠራ ሥራ ነው። በዙም ሻይ አይቀዳም።

«የድሮን አብራሪ ሳሎኑ ተቀምጦ ነው የሚያበረው»

አይደለም። የአሜሪካኖቹ ከላስ ቬጋስ ብዙም ከማይርቀው ክሪች ጦር ሰፈር፣ የእንግሊዞቹ ሊንከንሻየር ካለው ዋዲንግተን ነው የሚያበሩት። ፈረቃ ገብተው፣ በጥብቅ በተጠበቀ ክፍል ውስጥ ነው። ሰዉን ያሳሳተው ፈረቃው ሲያልቅ መኪና ነድተው ቤታቸው መግባታቸው ነው። ከጦር ሜዳ ወጥቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ የልጅ የቤት ሥራ ማየት ምን እንደሚመስል የሚያውቀው እነሱ ብቻ ናቸው። በዚህ ላይ ብዙ አልቀልድም።

«ቤቱ ያለ ወታደር እረፍት ላይ ነው»

ለአንዳንዱ አዎ። ለሌላው ግን ቤት ማለት ስልክ የሚጠበቅበት ቦታ ነው። በተጠንቀቅ ላይ ያለ ክፍል ባልደረባ ሲጠራ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት። ስለዚህ አይጠጣም፣ ሩቅ አይሄድም፣ ስልኩንም ሽንት ቤት ሳይቀር ይዞት ይገባል። ዘመዶቹ «ምን ሆነሃል? አንድ ብርጭቆ እንኳን!» እያሉ ያደርቁታል።

በ2020 ገና የሆነውን አስታውሱ። አዲስ የኮቪድ ዝርያ ተገኘ ተብሎ ፈረንሳይ ዲሴምበር 20 ማታ ከእንግሊዝ የሚያገናኘውን ድንበር ዘጋች። ከሁለት ቀን በኋላ የከባድ መኪና ሹፌር ከኮቪድ ነጻ መሆኑን በምርመራ ካሳየ ይለፍ ተባለ። በሺህ የሚቆጠሩ መኪኖች ግን ወደ ፈረንሳይ መሻገሪያ በሆነው ኬንት ውስጥ በየመንገዱና ማንስተን በሚባለው የቀድሞ አየር ማረፊያ ተኮልኩለው ነበር። ማን ይመርምራቸው? ገና ቀን ላይ ወደ 1,100 የሚጠጉ የእንግሊዝ ወታደሮች ተሰማሩ። ገናን ቤቴ እውላለሁ ያለ ሰው ጓንት አድርጎ የሹፌር አፍንጫ ውስጥ ጥጥ ሲከት ዋለ። ፖላንድም ወታደሮቿን ላከች፤ ከሹፌሮቹ ብዙዎቹ የእሷ ሰዎች ነበሩ። ያን ሰሞን «ከቤት እየሠራሁ ነው» ብሎ የቀለደ መኮንን ካለ፣ የቀልዱ ጊዜ ትንሽ ተሳስቶበታል።

«ሩቅ ያለውም ቢሆን ቤተሰቡ ጋ ደውሎ እንኳን አደረሳችሁ ይላል»

የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ላይ ያለው አይልም። እንግሊዝ ከ1969 ጀምሮ ኒውክሌር ሚሳይል የጫነ አንድ ሰርጓጅ ሁልጊዜ ባሕር ውስጥ አላት። ገናም አይቋረጥም። መርከቡ የት እንዳለ እንዳይታወቅ ከውስጥ ወደ ውጭ መልእክት አይላክም። ከቤተሰብ በሳምንት አንድ አጭር መልእክት ይደርሳል፣ እስከ 120 ቃላት። እሱም ታይቶ ነው የሚያልፈው። መጥፎ ዜና ከሆነ ጉዞው እስኪያልቅ ሊያዝ ይችላል። መልስ የለም። «ስጦታው ደረሰህ? ወደድከው?» ብላ የጻፈች ሚስት መልሱን የምትሰማው ከወራት በኋላ ነው። ያለ ኢንተርኔት አሥር ደቂቃ መቀመጥ ለሚከብደን ለእኛ ይህ የሌላ ዓለም ወሬ ነው።

«የገና አባትን በራዳር መከታተል ፌዝ ነው፣ ሥራ አይደለም»

ፌዝም ሥራም ነው። በ1955 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ በሚገኘው የአየር መከላከያ ማዕከል ስልክ ጮኸ። ያነሱት ኮሎኔል ሃሪ ሹፕ ናቸው። በወዲያኛው ጫፍ የገና አባትን የሚፈልግ ልጅ ነበር። አንድ መደብር በጋዜጣ ማስታወቂያ ላይ ቁጥሩን አሳስቶ አውጥቶት ነው ይባላል። ልጁ ራሱ ነው አሳስቶ የደወለው የሚሉም አሉ። ዞሮ ዞሮ ማዕከሉ የገና አባትን እየተከታተልኩ ነው ብሎ አወጀ። በ1958 የተመሠረተው የአሜሪካና የካናዳ የጋራ እዝ ኖራድም ወጉን ወረሰ። ዛሬ በዋዜማው ከ1,000 በላይ በጎ ፈቃደኞች ስልክ ያነሳሉ፤ ከእነሱ ውስጥ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው ብዙ ናቸው። የጠላት ኒውክሌር ሚሳይል እንዳይመጣ ሰማዩን የሚከታተል ድርጅት በዚያ ቀን «አሁን አጋዘኖቹ የት ደረሱ?» ለሚል የአምስት ዓመት ልጅ በቁም ነገር መልስ ይሰጣል።

ይህ ሥራ ግን ከእረፍት ቦታም ይሠራል። ሚሼል ኦባማ ቀዳማዊት እመቤት ሳሉ፣ ለገና ቤተሰባቸው ከሚያርፍበት ከሃዋይ ሆነው ለኖራድ የደወሉ ልጆችን ያነጋግሩ ነበር። ማንም «ከቤት እየሠሩ ነው» ብሎ አላሾፈባቸውም።